በሰላምታ መሃል መሞት

እኛ አገር «እንዴት ነህ?» ለሚባል ሰው መልሱ ከመወለዱ በፊት ተዘጋጅቶለታል። በቃሬዛ የሚሄደውም ቢሆን «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። ታዲያ ሐኪሙ እውነቱን ከየት ያምጣው?

እኔም ወር ሙሉ ደህና ነበርኩ። ደረጃ ስወጣ ደረቴን ጫን የሚያደርገኝን ነገር ለማንም አልተናገርኩም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት ለሌላ ሰው የሚነገር ነው።

የእህቴ ልጅ ሕሊና የኮምፒውተር ተማሪ ናት። ኡራኤል አካባቢ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከጓደኞቿ ጋር ጌም በሚሠራበት ሶፍትዌር የነርስ ተማሪዎች የሚለማመዱበትን በሽተኛ ሠሩ። ስክሪን ላይ ተኝቶ የሚናገር የልብ ሕመምተኛ። መልኩም ድምፁም የእኔ ነው። «ጋሼ፣ ሕመም ፊትዎ ላይ ያምራል» ብላ ነው የመረጠችኝ። እንደ ሙገሳ ወሰድኩት።

የሙከራው ዕለት ደረጃውን ሁለቴ አርፌ ወጣሁ። በሽተኛው ሦስት ደቂቃ ተሰጥቶታል፤ እስከዚያ ሕመሙ ካልታወቀ ይሞታል። የመጣችው የነርስ ተማሪ ግን በደንብ ያደገች ልጅ ናት።

«አባባ፣ እንደምን ዋሉ?» አለችው።

«ተመስገን» አልኩ። ማለቴ፣ አለ።

ጤናውን ጠየቀች፤ ደህና። ቤተሰቡን፤ ተመስገን። ዝናቡን ሳይቀር አነሳችለት፤ ለዚያም «ተመስገን» ነበረው። «ታዲያ ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ልትለው ስትል ሰዓቱ አለቀ። ሞትኩ፤ ጨዋነቴ እንደተጠበቀ።

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። «በቃ፣ ሰላምታውን እንቁረጠው» አለ አንዱ።

«ሰላም ሳልል የሰው ደረት ልንካ?» ብላ ተቆጣች የነርስ ተማሪዋ። «ማን አሳደገሽ ቢሉኝስ?»

እውነቷን ነው። ግን ደግሞ ሬሳዬ እዚያው ተጋድሟል።

ሕሊና ብቻ አልሳቀችም። «ያንን ‹ደህና ነኝ› እኔ አልጻፍኩትም» አለች። «ማይኩን ስሞክር ጋሼን እንዴት ነዎት ስላቸው የመለሱልኝ ነው።» ድምፁን ብቻ መልሳ ከፈተችው። «ደህና…» ይላል፤ ከዚያ ረጅም ማለክለክ፤ ከዚያ «…ነኝ»።

የነርስ ተማሪዋ ስክሪኑ ላይ ከሞትኩት ከእኔ ዞር ብላ በሕይወት ያለሁትን እኔን አየች። መጥታም የእጄን አንጓ ይዛ የልብ ምቴን ቆጠረች፤ ሰላም ሳትለኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ ያከበረኝ ሰው አላስታውስም።

በማግስቱ ሕሊና ክንዴን ይዛ ካዛንቺስ ወዳለ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ሽበታም፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። «እንዴት ነዎት?» አለኝ።

«ተመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኩት። «እርስዎስ? ልጆችስ?»

ሕሊና ስልኳን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የስልኩን ሰዓት ቆጣሪ ሦስት ደቂቃ ሞልታዋለች።