ስፖርት መኪናዬና የአባባ ቶሎሳ ወገብ

መኪናውን የሚወድ ሰው ሁሉ ውሸታም ነው። አትቆጡ! እኔም አንዱ ስለሆንኩ የምናገረው ከልምድ ነው። ሰውየው የሚያብለጨልጭ ቸርኬ ሲያስገጥም «ለደህንነት ነው» ይላችኋል። ጭስ ማውጫውን አስቀይሮ ሰፈሩን በሙሉ ከእንቅልፉ ሲቀሰቅስ ደግሞ «ነዳጅ ይቆጥባል» ይላችኋል። «ደስ ስለሚለኝ ነው» ብሎ እውነቱን የተናገረ የመኪና ባለቤት ካጋጠማችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ... ሄጄ እጁን እጨብጠዋለሁ።

የእኔ ውሸት ደግሞ የባሰ ነው። በሰው ወገብ ነው የዋሸሁት። ያውም በአማቴ ወገብ!

መጀመሪያ መኪናዬን ላስተዋውቃችሁ። ቀይ ናት፣ ባለ ሁለት በር፣ ቱርቦ ያላት የስፖርት መኪና። ወደ አገሩ ሊመለስ ሻንጣውን ከሸከፈ ፈረንጅ ላይ ነው የገዛኋት። የፍጥነት መቁጠሪያዋ እስከ ሁለት መቶ ስልሳ ተጽፎበታል፤ እኔ ግን ኮተቤ መንገድ ላይ ከሃምሳ ያለፍኩበትን ቀን አላስታውስም። ከፊቴ ሚኒባስ፣ ከኋላዬ ሚኒባስ፣ ዋናውን መንገድ ለቅቄ ወደ ሰፈር ስታጠፍ ኮብልስቶን፣ በየመቶ ሜትሩ ደግሞ ብሬከር... ቢሆንም ጠዋት በሬን ከፍቼ ቆማ ሳያት ልቤ ቅቤ ይጠጣል። ምን ላድርግ?

አባባ ቶሎሳ የባለቤቴ የአያንቱ አባት ናቸው። ከእንጦጦ ጀርባ ሲያርሱ የኖሩ ገበሬ ነበሩ፤ አሁን ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ዳሌያቸውን ከታመሙ ወዲህ ሚኒባስ ላይ መውጣት አይሆንላቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የግድ እንጦጦ መውጣት አለባቸው። እዚያ አንድ የቀራቸው እኩያ አለ፤ ኦቦ ዲንቃ ይባላሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ባሕር ዛፍ ሥር ይቀመጡና በጎረምሳነታቸው የማን ፈረስ ይቀድም እንደነበር ይከራከራሉ። ስንት ዘመን ተከራክረው እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ቢስማሙስ ከዚያ በኋላ ምን ሊያወሩ ነው? ታዲያ አድርሶ መላሹ እኔ ነኝ። አባባ በከዘራቸው እየተደገፉ፣ ጎንበስ ብለው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው እዚያች ዝቅተኛ ወንበር ውስጥ ሲገቡ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ሲወጡ ደግሞ አሥር።

ነገሩ የተበላሸው አዲስ ጎማ ባስገጠምኩ ሰሞን ነው። ላምበረት፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ጎሚስታ ዘንድ ሄጄ አራቱንም አስቀየርኩና እየተኩራራሁ ተመለስኩ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አባባን ይዤ ገና ከሰፈራችን ሳንወጣ፣ የመጀመሪያውን ብሬከር ስንሻገር፣ የአባባ ባርኔጣ ጣራውን መትቶ ዓይናቸው ላይ ተደፋ።

«አንተ» አሉኝ ባርኔጣውን እያነሱ፣ «ይኼ ነገር ይራገጣል እንዴ?»

«የስፖርት መኪና ስለሆነ ነው አባባ። መንገዱ ምን እንደሚመስል ለነጂው እንዲነግረው ተደርጎ ነው የተሠራው።»

«እኔ መቼ ጠየቅኩት!»

በፈረንሳይ ሰፈር በኩል ሽቅብ ስንወጣ አንድም ጉድጓድ ሳያጋጥመን አላለፈም። አባባ በአንድ እጃቸው የበሩን እጀታ፣ በሌላው ወገባቸውን ይዘው ከንፈራቸውን ነክሰዋል። ደርሰን ሲወርዱ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አዩዋትና «ዳማ የሚባለውን ፈረሴን ዘጠኝ ዓመት ተቀምጬበታለሁ» አሉ፤ «አንድ ቀን እንዲህ አላደረገኝም።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቁልፌን ይዤ ስወጣ አባባ ጋቢያቸውን አልለበሱም። «ዛሬ እንኳ ይቅርብኝ ልጄ፤ ወገቤን ትንሽ ይዞኛል» አሉኝ። በሚቀጥለው ደግሞ «ብርዱ አላማረኝም» አሉ። ፀሐዩ አናት ይበሳል! ወንበራቸውን ግቢው በር ላይ አስወጥተው ፊታቸውን ወደ እንጦጦ አዙረው ተቀመጡ። ቀኑን ሙሉ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንጀቴን በሉት። ሰውየው መኪናህ ጎዳኝ ብለው እንዳያስቀይሙኝ ይሉኝታ ይዟቸው ቅዳሜያቸውን ሠዉ።

አያንቱ ግን ይሉኝታ የለባትም። ወደ ጓዳ ጠራችኝ።

«አባዬን ምን እንዳመመው ታውቃለህ አይደል?»

«ብርዱ...»

«መኪናህ ነው ያመመው። ስማ፣ ወይ ተመችቶት ወደ ጓደኛው ትወስደዋለህ፣ ወይ ይቺ መኪና ትሸጣለች። ሌላ ወሬ አልፈልግም።»

ትሸጣለች! በማግስቱ እየበረርኩ ጀማል ጋራዥ ሄድኩ። ጀማል የሰፈራችን መካኒክ ነው፤ ነገር አያበዛም። ጎንበስ ብሎ ሱስታውንና አሞርዛተሩን አየ። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ መኪናው ጉድጓድ ሲገባ በእናንተ አጥንት ፋንታ የሚታጠፉትና የሚዘረጉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

«የፋብሪካው ምንም አልሆነ። ባትነካካው ይሻልሃል» አለኝ።

«ይጠጥራል እኮ ጀማል! ሽማግሌ ሊገድልብኝ ነው።»

«እንግዲያው ሁለት ምርጫ አለህ። ለምቾት የሚሆን ለስላሳ አለ። መኪናውን ዝቅ አድርጎ ለጥምዝ መንገድ የሚሆን ጠጣርም አለ። የቱን ላስመጣልህ?»

«ሁለቱንም የሚያደርግ የለም?»

«አለ። አውሮፕላን ይባላል።»

አንድ ቀን ላስብበት አልኩት። ስለ ምኑ እንደማስብ መቼም ገብቷችኋል። የፈጣን መኪና ወዳጆች የምንሰበሰብበት የቴሌግራም ግሩፕ አለን። «ሰስፔንሽን ልቀይር ነው፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?» ብዬ ጻፍኩ። መልሱ ጎረፈ። አንዱ «ብሮ፣ ስቶክ እኮ የሽማግሌ ነው! ዝቅ አድርጋት፣ ሲሪየስሊ!» አለኝ። ስቶክ ማለት ከፋብሪካው እንደመጣ ማለት ነው። ሌላው ዝቅ ብላ መሬት ልትስም የደረሰች መኪና ፎቶ ላከልኝ። አቤት ቁንጅና! ፎቶውን ሳየው አደርኩ ብል ይቀለኛል። ለስላሳው ለአባባ ነው፤ ጠጣሩ ለእኔ ነው። አማቴ ወይስ ጥምዙ? ደግሞ ለራሴ እንዲህ አልኩት፦ አዲስ ዕቃ አዲስ ነው፤ ጠጣርም ቢሆን ከአሮጌው መሻሉ አይቀርም፤ አባባም ይለምዱታል... የሰው ልጅ ለራሱ ሲዋሽ እንዴት አንደበተ ርቱዕ እንደሚሆን!

በማግስቱ ለጀማል ደውዬ፣ ማንም እንዳይሰማኝ ግድግዳ ተጠግቼ «ጠጣሩን» አልኩት።

ለአያንቱ ደግሞ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ለአባባ ወገብ ተብሎ የተሠራ ልዩ ዕቃ አዝዣለሁ» አልኳት። ምሽት ላይ ከድስቱ ውስጥ ያለውን ሥጋ በሙሉ እኔ በኩል አደረገችው። «አባዬን እንደ ወለደህ አባት ስለምታየው ነው የምወድህ» አለችኝ። እያንዳንዱን ጉርሻ በውኃ አወረድኩት።

ዕቃው እስኪመጣ አባባ ሁለት ቅዳሜ ጨምረው በር ላይ ተቀመጡ። በመጨረሻ ካርቶኑ መጣ ተባልኩና ሐሙስ መኪናዋን ጋራዥ አስገባሁ። ዓርብ ከሰዓት ስሄድ ጀማል ለሥራ ወጥቷል፤ የጋራዡ ዘበኛ ግን ቁልፌን ሰጡኝ። «ጨርሷል፤ መጥቶ ይውሰዳት ብሏል» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ ከጎን አየኋት። በሁለት ጣት ዝቅ ብላለች! በጣቴ ለክቻለሁ እኮ! ተነስቼ ነዳኋት... ምን ልበላችሁ? ኮብልስቶኑ ምንጣፍ ሆነ። ብሬከሩን መሻገሬን ያወቅኩት ካለፍኩት በኋላ ነው። ያዘዝኩት ጠጣር፣ የመጣልኝ ደመና! ለራሴም አስረዳሁት፦ ጠጣርነቱ በጥምዝ ላይ ነው እንጂ በጉድጓድ ላይ ይለሰልሳል፤ ቴክኖሎጂ ማለት ይኼ ነው። መንገድ ዳር አቁሜ ለግሩፑ «ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው» ብዬ ጻፍኩ። የእሳት ምስል ዘነበልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አባባን ለምኜ፣ ተንበርክኬ ማለት ይቻላል፣ አስገባኋቸው። አያንቱም ልታይ ነው መሰል ከኋላ ተጣጥፋ ገባች። አባባ እጀታውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። የመጀመሪያው ብሬከር... ምንም። ሁለተኛው... ምንም። ፈረንሳይን ስናልፍ አንድ እጃቸውን ለቀቁ። ባሕር ዛፉ ሲጀምር ሁለተኛውን ለቀቁ። ሽቅብ ስንወጣ ድምፅ ሰማሁና ዞር አልኩ፤ አባባ ያንኮራፋሉ!

አያንቱ ከኋላ ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ። በመስታወቱ ሳያት ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ተባረክ» አለችኝ። እኔም ይኼን ጊዜ ዝም ብል ምን ነበረበት? የለም! ስለ አዲሱ አሞርዛተር ንግግር ጀመርኩ። ስለ ብረቱ ጥራት፣ ስለ ዘይቱ ዓይነት፣ ስለ ፈረንጆች ጥበብ... ልክ እንጦጦ አናት ላይ ስንደርስ ስልኬ ጠራ። የመኪናዋ ድምፅ ማጉያ ራሱ ነው የሚቀበለው።

«ጀማል! እጅህ ይባረክ! ይኼ አሞርዛተር እኮ...»

«የቱ አሞርዛተር?» አለ ጀማል፣ በአራት ስፒከር።

«ያስገባህልኝ ነዋ!»

«ምንም አላስገባሁም እኮ ወንድሜ። ትናንት ብደውል ብደውል ስልክህ እምቢ አለኝ። ያ ያዘዝከው ጠጣሩ፣ መኪናውን ዝቅ የሚያደርገው፣ የሌላ ሞዴል ሆነና ወደ መጣበት መለስኩት።»

ድምፁን ልቀንስ ስክሪኑን ነካሁ። ጨመረ!

«ታዲያ... መኪናዋ እንዴት ለሰለሰች?»

«እሱንማ ልጠይቅህ ነው የደወልኩት። ጎማ ስፈታ ነፋሱን ብለካው ስልሳ! በርህ ላይ ሠላሳ ሁለት ተብሎ ተጽፏል እኮ! ሊፈነዳብህ ምን ቀረው? አስተንፍሼ ልኩ ላይ አድርጌልሃለሁ። ለመሆኑ ማነው እንዲህ አድርጎ የሞላልህ?»

ከኋላዬ ትከሻዬ ላይ የነበረው እጅ ቀስ ብሎ ተነሳ።

«ጠጣሩ?» አለች አያንቱ።

እኔ ስክሪኑን መነካካት ቀጠልኩ።

«ዝቅ የሚያደርገው? ይኼ ነው ለአባዬ ወገብ የተሠራው ልዩ ዕቃ?»

አባባ አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ። «ሰውዬው ጠየቀህ እኮ» አሉኝ፣ «ማነው የሞላው? መልስለት እንጂ።»

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ለእናንተም የደበቅኳችሁ ነገር አለ። ላምበረት ያ ጎሚስታ ጎማዬን ከመሙላቱ በፊት በትሕትና ጠይቆኝ ነበር። «ስንት ልሙላልዎት?» ነው ያለኝ። ቁጥሩን አላውቀውም። አላውቅም እንዳልል ደግሞ ከኋላዬ ሦስት የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌሮች ተራ ይዘው ቆመዋል፤ ቀይዋን መኪናዬን እያዩ ነው። በእነሱ ፊት አላውቅም ልል? እኔ? ወደ አውቶቡሶቹ ጠቆምኩና ጮክ ብዬ «ልክ እንደነሱ!» አልኩት። ጎሚስታው «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ። «ሙላው!» አልኩ። ስልሳ ላይ ሲደርስ ልጁ ራሱ ፈርቶ ነው ያቆመው።

ይህን ሁሉ እዚያው እንጦጦ አናት ላይ፣ ጀማል በስልክ እያዳመጠኝ ተናዘዝኩ። መጀመሪያ የሳቁት አባባ ናቸው። ከዘራቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ከዚያ እንባቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ «ተይው አያንቱ» አሉ፤ «እኔስ ብርድ ነው እያልኩ ስዋሽ አልከረምኩም?»

አያንቱ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እንግዲያው እኔም ልንገራችሁ» አለች ወደ መስኮቱ እያየች። «መኪናዋን ለደላላ ነግሬ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሊያያት የሚመጣ ሰው አለ።»

«ደውዪለት!» አልኩ። «አሁኑኑ ደውዪለት!»

ደውላ «ቀረ» አለችው። አባባም ወደ ኦቦ ዲንቃ ሄደው እስኪመሽ ስለ ፈረስ ተከራከሩ፤ ያለፏቸው አራት ቅዳሜዎች ተጠራቅመው ነበርና እንደጉድ ነው የተጯጯሁት። የፋብሪካው ሱስታና አሞርዛተርም በክብር ባሉበት ቀሩ። ግሩፑ ላይ ግን እስከ ዛሬ እውነቱን አልተናገርኩም። ሁለት ልጆች እኔ ያስገጠምኩትን ካላስገጠምን ብለው የዕቃውን ስም በየቀኑ ይጠይቁኛል፤ እኔም ከውጭ በትዕዛዝ የመጣ ነው እላለሁ። መግቢያዬ ላይ ምን ብያችሁ ነበር?

አባባ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሁላችን ቀድመው ይነሳሉ። ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው መኪናዋ አጠገብ ይጠብቁኛል። ከመግባታቸው በፊት ግን ዞረው አራቱንም ጎማ በከዘራቸው ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ያደርጋሉ። ከዚያ ቀና ብለው ያዩኛል።

«ስንት ነው?»

«ሠላሳ ሁለት ነው አባባ።»

«የአንተ ነው ወይስ የአውቶቡሱ?»