የንፋስ መውጫዋ ብርቅ ኮከብ

«ተሳሳትኩ» ከሚል ሞቱን የሚመርጥ ምሁር ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ንፋስ መውጫ ከተማ ላይ ገጥሞኛል፤ የከዋክብት ተመራማሪ ነው። ዶክተሩ የየኮከቡን ብርሃን በመሣሪያ ወደ ቀለማቱ እየዘረዘረ፣ የዓለም ተመራማሪ ሁሉ የራሱን ኮከብ የሚያመሳክርበት ማኅደር ያዘጋጃል። ታዲያ አንድ ምሽት ከጋራው ጫፍ ላይ ቀይ ኮከብ አየና «ብርቅ ናት!» ብሎ ማኅደሩ ውስጥ አስገባት።

«ዶክተር፣ ይቺ እኮ የኔትወርክ ታወሩ መብራት ናት» አልኩት።

ገላመጠኝ። ወዲያው እንደ ልማዱ የከተማው መብራት ድርግም አለ፤ ኮከቢቱም አብራ ጠፋች። አሁንስ ያፍራል ብዬ ጠበቅሁ። ማፈር? እሱ ምን በወጣው!

«አየህ፣ ብርሃኗ የሚለዋወጥ ኮከብ ናት!» ብሎ ይህንንም ጨመረላት።

እናንት የሩቅ አገር ተመራማሪዎች፣ ኮከባችሁ ከእኛዋ ጋር አልመሳሰል ካለቻችሁ ሰማዩን አትውቀሱ። ንፋስ መውጫ ደውላችሁ መብራት መምጣቱን ጠይቁ።