«ለልዩ ልዩ አገልግሎት» የዋለው አዳራሽ

ሰው አፍንጫው ሥር ያለውን አያይም መቼስ። እኔ ደብረ ታቦር ተወልጄ፣ እዚሁ አስተማሪ ሆኜ፣ እዚሁ ፀጉሬ ሸብቶ፣ የከተማችንን አሮጌ ቴአትር ቤት የማውቀው በጥላው ነው። ባጃጅ ስጠብቅ ፀሐይ ከበረታ ግድግዳውን እጠጋለሁ። ዝናብ ከመጣም እንደዚያው። ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቄ አላውቅም። ምን ሊያደርግልኝ?

ታዲያ ሊፈርስ ነው ተባለ። የእኛን ሰው ታውቁት የለ፤ ቆሞ ሳለ ዞር ብሎ ያላየውን ቤት፣ ሊፈርስ ነው ሲሉት ለጉብኝት ይሰለፋል። እኔም ተሰለፍኩ። ወድጄ ግን አይደለም። አክስቴ እትዬ ሙሉ «ሳይፈርስ ውሰደኝ» ብለው ከአንበሳሜ ድረስ በሚኒባስ መጥተውብኝ ነው። በወጣትነታቸው እዚያ አዳራሽ ውስጥ የኪነት ቡድን ተዋናይ ነበሩ። የድሮው ትዝ ብሏቸው ነው ብዬ ነበር።

ባጃጅ ውስጥ ስንገባ «ደምሴን ላለቅሰው ነው» አሉኝ። ደምሴ ታናሽ ወንድማቸው ነው፤ እኔ ሳልወለድ የሞተ አጎቴ። ያን ጊዜ አላለቀሱትም ወይ አልኳቸው። «አልቅሼዋለሁ፤ ግን የሌላ ሰው እናት ሆኜ ነው። እህቱ ሆኜ አላለቀስኩትም» አሉ። አሮጊት ስትናገር ሁሉም ነገር አይገባም ብዬ ተውኩት።

አስጎብኚያችን ክራቫት ያሰረ ወጣት ነው። አንደበቱ ማር ነው። እዚህ ሲኒማ ይታይ ነበር፣ እዚያ ማሲንቆ ይመታ ነበር እያለ ዘመኑን ሁሉ ደረደረልን። አንድ ቦታ ሲደርስ ግን ፈጠን አለ። «ከዚያም ለጥቂት ዓመታት ለልዩ ልዩ አገልግሎት ውሏል» አለና ወደ ጣሪያው ታሪክ ተሻገረ።

እትዬ ሙሉ አስቆሙት። ልዩ ልዩው ምን እንደነበር ጠየቁት። መጋዘን ሳይሆን አይቀርም አላቸው።

«አዎ ልጄ» አሉት። «የሰው መጋዘን።»

ከዚያ በኋላ አስጎብኚያችን እሳቸው ሆኑ። በዚያ ክፉ ዘመን አዳራሹ እስር ቤት ነበር። አጎቴ ደምሴ የሚተኛው መድረኩ ላይ፣ ከሌሎች እስረኞች ጋር ተደርድሮ ነው። እትዬ ሙሉ በየቀኑ አገልግል ይዘው በር ላይ ይቆማሉ። አንድ ቀን አገልግሉ እንደታሰረ ተመለሰላቸው። በቃ። ማንም ሞተ አላላቸውም፤ መርዶ ነጋሪም አላስፈለገም። ልቅሶ ደግሞ ክልክል ነው። ድንኳን የለ፣ ሙሾ የለ፣ ጥቁር መልበስ የለ። እስቲ ንገሩኝ፣ በእኛ አገር ይሄ ይቻላል? በድንበር ሲካሰሰው ለኖረው ባላጋራው እንኳ ሄዶ ደረት የሚመታ ሕዝብ፣ የእናቱን ልጅ ሳያለቅስ እንዴት አድርጎ እህል ይዋጥለት?

እስረኞቹ ካለቁ በኋላ ወለሉ ታጠበ፤ የኪነት ቡድንም ተቋቋመ። ድምፅ ያለው ሰው ተፈለገ። እትዬ ሙሉ ተመለመሉ፤ እምቢ ቢሉ ወንድማቸውን መከተል ነው። የደረሳቸው ድርሻ ልጇ ጦር ሜዳ የወደቀባት እናት መሆን ነው። በጽሑፉ እናትየዋ አታለቅስም። ቡጢዋን ወደ ላይ አንስታ፣ ሌላ ልጅ ቢኖረኝም እሰጥ ነበር ትላለች።

እትዬ ሙሉ መድረኩን ሲረግጡት ቡጢው እምቢ አላቸው። መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው፣ ደረታቸውን እየመቱ ሙሾ አወረዱ፦

«አገልግሉ መጣ እንጀራው ሳይነካ፣
የኔ ጌታ ጠግቧል አፈር በልቶ ለካ።»

ስሙንም ደምሴ እያሉ ጠሩት። አዳራሹ ተነቀነቀ። ማልቀስ ያልተፈቀደለት ሁሉ የራሱን ሰው አለቀሰ፤ የሹማምንቱ ሚስቶች ሳይቀሩ።

በማግሥቱ ግምገማ ተጠራ። እትዬ ሙሉ ዛሬስ አለቀልኝ ብለው ሄዱ። የቡድኑ ኃላፊ ካድሬ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የወቀሳቸው። በጽሑፉ የጀግናው ስም ሌላ ነውና «ጓድ ሙሉ፣ ስም በደንብ ያጥኑ» አለ። በሚቀጥለው ትርዒት ደግመው ተሳሳቱ። ደግሞ ወቀሳቸው። ስም መያዝ የማትችል ግን እንባዋ የሚያምር ተዋናይ ተብለው ዓመቱን ሙሉ ወንድማቸውን አለቀሱ፤ ካድሬው እፊት ወንበር ተቀምጦ ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ። ቴአትር ወዳጅ ነበር፣ ነፍሱን አይማርና።

ይህን ሲጨርሱ መድረኩ ላይ ልውጣና ወንድሜን ላልቅሰው ብለው አስጎብኚውን ለመኑት። እንጨቱ በስብሷል፣ ደግሞም በአዳራሽ ውስጥ ልቅሶ መመሪያው አይፈቅድም አላቸው። እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው መውጣት ጀምረዋል። ወጡም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና «ወንድሜ፣ የእናቴ ልጅ» አሉ። የማንም እናት ሳይሆኑ፣ በገዛ እህትነታቸው። ጎብኚው ባርኔጣውን አወለቀ። እኔም መልኩን እንኳ የማላውቀውን አጎቴን አለቀስኩት።

በመሃል አስጎብኚው ሲወጣ አየሁት። ዘበኛ ሊጠራ ነው ብዬ ከፋኝ። ለካ በሩን ሊዘጋ ነው። ዘግቶ ተመለሰና መድረኩ ሥር ቆሞ፣ ያ ማር አንደበቱ ተሳስሮ፣ «እማማ፣ አንድ ስም ይጨምሩልኝ» አላቸው። ወንድሙ ነው። አምና ነው የተገደለው። ቤተሰቦቹ አስከሬኑን አላገኙም፤ ልቅሶም አልተቀመጡም። ጎረቤት እንዳይሰማ ነጠላ አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ነው ያለቀሱት።

እትዬ ሙሉ «ማን ገደለው? ለምን?» አላሉትም። ስሙን ጠየቁት። በሕይወቱ ምን ይወድ እንደነበረም ጠየቁትና ጀመሩ።

ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም ይላል የእኛ ሰው። እውነቱን ነው። እኔን የቸገረኝ፣ ክረምቱ ማለፉን የሚነግረኝ ሰው ማጣቴ ነው።