የጋሽ ደምሴ እርማት

የሰው ቤት ፕላን ሳያርም እንቅልፍ የማይወስደው ጎረቤት ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን መካኒሳ ሰፈር ውስጥ ገጥሞኛል። ጋሽ ደምሴ መሐንዲስ አይደሉም፤ ፈሪ ናቸው። ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ ደግሞ ብሶባቸዋል።

የግንባታ ፈቃድ ልጠይቅ በምሄድበት ዋዜማ ፕላኔን ዘርግተው መነጽራቸውን ሰኩ።

«የእንግዳ ክፍል? አከራይ ነው ይሉሃል።» ሰረዝነው። «ሳሎን ደግሞ ለምንህ ነው? ስብሰባ ልትጠራበት?» እሱንም ሰረዝነው። «በጓሮ በር የሚያመልጠው ማነው?» ደፈንነው።

ባለቤቴ ቢጨንቃት፣ «አምስት ልጅ የት ይተኛል?» አለች።

«እስር ቤት ከዚህም ይጠባል» አሏት በእርጋታ።

በማግስቱ ፈቃድ ሰጪው አንድ ክፍል ብቻ የቀረውን ፕላን አገላብጦ አየና ብዕሩን አስቀመጠ።

«ጓድ፣ ይህን ያህል የምትፈራው ምን ሠርተህ ነው?»