ዋርድያው ሲራክ በሬዲዮ የሞተ ለት

ሰው በብዙ ነገር ይቀናል። በሰው መሬት ይቀናል፣ በሰው በሬ ይቀናል፣ ሲብስበትም በሰው ሚስት ይቀናል። እኛ ሰፈር ጎረቤቱ ባሠራው የብረት በር ቀንቶ እንቅልፍ ያጣ ሰው አለ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሆዱን ይቆርጠዋል። ይህ ሁሉ ያለና የነበረ ነው። በሰው ጉሮሮ የቀና ሰው ግን ከኔ በፊት መኖሩን እንጃ። ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ እሳቸውም ግራ ገባቸው። «ጉሮሮ ነው ያልከው?» ብለው ደጋግመው ጠየቁኝና በመጨረሻ በደፈናው ስገድ ብለውኝ ሄዱ።

ተፈራ እባላለሁ። ደብረ ብርሃን ገበያው ዳር ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። በዚህ ከተማ ብርድ ልብስ የሚሸጥ ሰው ከሰረ ቢሏችሁ፣ ጥፋቱ የራሱ ነው ብላችሁ ፍረዱበት። ቁመቴ ረጅም ነው። ፊቴም፣ ራሴን አመሰገንኩ አትበሉኝና፣ ቆፍጠን ያለ ነው። ድምፄን በተመለከተ ግን እግዜር ቁመቱ ላይ በዛ አድርጎ ሰፍሮልኝ ለጉሮሮዬ ሳያልቅበት አልቀረም። ስልክ ሳነሣ የማያውቁኝ ሰዎች «ማሙሽ፣ እስቲ አባትህን ጥራልኝ» ይሉኛል። እኔም አባቴ የለም ብዬ እዘጋለሁ። እውነቴን ነው፣ አባቴ ከሞተ ቆይቷል።

እንዲህ ያለው ሰው እንዴት የቴሌቪዥን ሰው ሆነ? ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ተከታታይ ድራማ ይሠሩ ጀመር። የድራማውን ስም አልጠራም፤ ለማስታወቂያ አልተቀጠርኩም። ታሪኩ ወደፊት የሚሆን ነው። ሀበሻ በመንኮራኩር ከአንኮበር ተነሥቶ ሌላ ዓለም ፍለጋ ይሄዳል። ለምን አንኮበር? ከገደሉ በታች እስከ አልዩ አምባ ድረስ ደመና ሲሞላበት ዓለም እዚያው ያለቀች ስለሚመስል ነው አሉ። መንኮራኩሯ ብርማ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ነበረች። ነፋስ በመጣ ቁጥር ካፒቴኑም፣ ሳይንቲስቷም፣ ጠላትም ሳይቀር ሥራቸውን ትተው እሷን ይይዛሉ።

እኔ የሄድኩት ብርድ ልብስ ልሸጥላቸው ነበር። የአዲስ አበባ ሰው አንኮበር ሲወጣ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ዳይሬክተሩ፣ ገና ልጅ እግር ነው፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና ከመንኮራኩሯ በር ላይ ወስዶ አቆመኝ። ስሜን ዋርድያ ሲራክ አለው። ምን ልበል ብዬ ጠየቅሁት። ድምፄን ሲሰማ ትንሽ አሰበና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ምንም አይበሉ። ፊትዎ ራሱ ይናገራል። ዝም ብለው ይቁሙ» አለኝ። እኔ ሞኙ ሙገሳ መሰለኝ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?

ድራማው መታየት ሲጀምር ደብረ ብርሃን ላይ ተፈራ የሚባል ሰው ጠፋ። ገበያተኛው ሁሉ «ሲራክ፣ እስቲ ያችን ባለ አበባዋን አውርድልኝ» ይለኛል። ደነባ ለዘመድ ሠርግ ሄጄ ሙሽራው እስኪረሳ ድረስ ሰው እኔን ከቦ ዋለ። ባለቤቴ ጽጌ እንኳ ደስ ሲላት ሲራክዬ ትለኛለች፤ ተፈራ ካለችኝ አንድ ነገር አጥፍቻለሁ ማለት ነው። አንድ ቃል ሳልተነፍስ ያገኘሁት ክብር ነው። ብዙ ተናግረው ይህን ያላገኙ ስንት አሉ!

ግን ምን ዋጋ አለው። አንድ ቀን የአንኮበር ነፋስ መንኮራኩሯን አነሣና ገደል ከተታት። በረረች ከተባለ የበረረችው ያን ቀን ብቻ ነው። ሰዎቹ ሌላ ለማሠራት አቅም አጡና ታሪኩ በሬዲዮ እንዲቀጥል ተወሰነ። በሬዲዮ ቆርቆሮ አያስፈልግም። ደመናም አያስፈልግም። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ያደርኩት ግን ሌላውን ነው፦ ፊትም አያስፈልግም።

ስለዚህ ዳይሬክተሩን ቤቴ ጠራሁት። ጽጌ ዶሮ ሠራች፣ ከአገራችን አረቄም ደህናው ቀረበ፣ ከሱቄ ምርጡን ብርድ ልብስ አልብሼ አስተኛሁት። ጉዳዬን ጠዋት በጨዋ ደንብ ላቀርብለት አስቤአለሁ። ጎሕ ሲቀድ የእድራችን ጥሩምባ ተነፋ።

እዚህ ላይ ንጉሤን ላስተዋውቃችሁ። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነው። ሰው ሲሞት በማለዳ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ ጥሩምባውን ይነፋና የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ይለፍፋል። አጭር ነው። የፊት ጥርሱ ወልቋል። ኮቱን ያየ ሰው ለሌላ የተገዛ መሆኑን ያውቃል። አፉን ሲከፍት ግን፣ ይህን ስጽፍ እንኳ ብዕሬ ይቀናል፣ ያ ወፍራም፣ ረጋ ያለ ድምፅ ይወጣል። በሱ አፍ ለመጠራት ብቻ ብለው የሞቱ ሽማግሌዎች አሉ ብዬ እጠረጥራለሁ።

እንግዳዬ ድምፁን ሲሰማ ከአልጋው ዘሎ ብርድ ልብሴን እንደተከናነበ በባዶ እግሩ ወጣ። ሲመለስ ንጉሤን የመንኮራኩሯ ድምፅ አድርጎ ቀጥሮት ነበር። በሬዲዮው መንኮራኩሯ ራሷ ትናገራለች ለካ። አየር እያለቀ ነው፣ ኮከብ እየመጣብን ነው፣ ጠላት በር ላይ ነው፤ ይህን ሁሉ የምትናገረው እሷ ናት። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት እንግዲህ ይህ ነው። ዶሮው የኔ፣ አረቄው የኔ፣ ብርድ ልብሱ የኔ፣ መንኮራኩሯ የንጉሤ!

የኔስ ነገር አልኩት። በሬዲዮ ዝም ብሎ የቆመ ሰው መኖሩን አድማጭ በምን ያውቃል አለኝ። እውነቱን ነው፤ ግን እውነት ሁሉ ይነገራል? ብለምነው፣ ብለምነው በመጨረሻ «እንግዲያው ይሳሉ» አለኝ። በየክፍሉ አንድ ሳል። ለዚያች ሳል ስል ሱቄን እየዘጋሁ አዲስ አበባ እወርዳለሁ፣ እስላለሁ፣ እመለሳለሁ።

የመጀመሪያው ክፍል ሲተላለፍ ጎረቤቱን ሁሉ ቤቴ ሰበሰብኩ። ሳሌ መጣች። አንዷ ጎረቤታችን ዞር ብላ «ማነው? ፌጦ በማር ይውሰድ» አለች። ሌላዋ ብርድ እየገባ ነው ብላ በሩን ዘጋችው። በደብረ ብርሃን ሳል ምን ወሬ ነው? ወዲያው ንጉሤ «አየር እያለቀ ነው» ሲል ሁሉም ትንፋሹን ያዘ። ጽጌ ሬዲዮኑን አንሥታ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው፤ ከዚያ ወዲያም በየሳምንቱ እንዲሁ ታደርጋለች። አንድ ቀን፣ ስለ ንጉሤ ነው እንግዲህ የምታወራው፣ «ድምፁ እንዴት ያሞቃል!» አለች። ይህን ያለችው ብርድ ልብስ ለሚሸጥ ባሏ ነው። እኔ ያን ዕለት ሥራዬን የቀማኝ ነው የመሰለኝ።

ከዚያ በኋላ አላረፍኩም። ዳይሬክተሩን በየቀኑ እየደወልኩ ወይ አናግሩኝ፣ ወይ በክብር አሰናብቱኝ አልኩት። እሱም ተሰላቸና በክብር አሰናበተኝ። ሲራክ ሰው ለማዳን ሲል ከመንኮራኩሯ በር ላይ እንዲሞት አደረገ። መርዶውን የምትናገረው መንኮራኩሯ ናት። ዳይሬክተሩ ንጉሤን፣ እንደ ለመድከው አድርገህ ተናገረው ብሎታል። ለኔ የነገረኝ የለም።

ክፍሉ በተላለፈበት ዕለት እኔ እነዋሪ ገበያ ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። ወፍጮ ቤቱ ሬዲዮኑን ከድምፅ ማጉያ ጋር አያይዞ ለሰፈሩ ሁሉ ያሰማል። ከዚያ ማጉያ መጀመሪያ ጥሩምባ ተነፋ። ቀጥሎ ያ ድምፅ፣ «ዋርድያችን ሲራክ ዛሬ አርፏል። የሰማህ ላልሰማ አሰማ» አለ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? መርዶ በኛ አገር አይመረመርም። ንጉሤ ሞተ ካለ ሞተ ነው፤ እስከ ዛሬ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። እውነት ነወይ ብሎ የጠየቀ የሟች ጠላት ይባላል፣ የዘገየ ደግሞ በእድሩ ይቀጣል። ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወንዱ ጋቢውን ደርቦ ወደ ቤቴ ጎረፈ። ጥቂት የተጠራጠሩ ቢኖሩ እንኳ ቤት ሲገቡ ጽጌን ሬዲዮኑን ታቅፋ ስታነባ አገኟት። ምን ሆነ ቢሏት መናገር አቃታት፤ ድራማው አስለቅሷት ነው፤ ያ ሁሉ ሰው እየጮኸ ሲገባባት ግን እሷም እውነት መሰላት። ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ድንኳኑ ተተከለ።

ከሰዓት በኋላ ከሚኒባስ ወርጄ ወደ ቤቴ ሳቀና ድንኳኑን አየሁት። ከፊቴ ነጠላዋን ተከናንባ የምትሄድ አንዲት ሴት ማን ሞቶ ነው ብዬ ጠየቅሁ። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ምስኪኑ ሲራክ» አለች። ምን ነክቶት ብላት፣ «እንጃ ልጄ፣ ሳል ነበረበት አሉ» አለችኝ። እዩልኝ እንግዲህ፣ ሳሌን ያስተዋለ ሰው የተገኘው ከሞትኩ በኋላ ነው። ሴትዮዋ ግን አልበቃትም፤ ያን የመሰለ መርዶ በዕድሜዋ ሰምታ እንደማታውቅ፣ ንጉሤ አፉ ይባረክ እንደሚያሰኝ ስታወራልኝ እስከ ደጄ ደረስን። በገዛ ለቅሶዬ የሚመሰገነው ንጉሤ ነው።

ድንኳኑ በር ላይ ቆምኩና አለሁ አልኩ። ዋይታው ዋጠው። አለሁ፣ አልሞትኩም ብዬ ባለ በሌለ ኃይሌ ጮህኩ። ከውስጥ አንድ ሰውዬ፣ ሳያዩኝ፣ ያን ልጅ ከዚህ አርቁልን አሉ። ከእነዋሪ ድረስ የዋጥኩት አቧራ ጉሮሮዬ ውስጥ ነበርና በዚያ ጩኸት ሳል ተነሣብኝ። ሳልኩ።

ጽጌ ከለቀስተኛው መሐል ቀና አለች። «ዝም በሉ እስቲ» አለች፣ «ይህ የተፈራ ሳል ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጽጌ እየሮጠች መጥታ ክንዴን ይዛ ከላይ እስከ ታች ዳበሰችኝ፣ እንዳልሞትኩ ስታረጋግጥ ደግሞ በቡጢ ደረቴን አለችኝ። ለካ ሬዲዮኑን በየሳምንቱ ጆሮዋ ላይ የምትለጥፈው ሳሌ እንዳታመልጣት ኖሯል። «በዛሬው ክፍል ሳትስል ሞትክ፤ እሱ ነው ያስለቀሰኝ» አለችኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ሁሉ ሕዝብ ዝም ብሎ የኔን አፍ ይጠብቃል። ምን ልበል? ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ ደረቴን ነፋሁ፣ አፌን ከፈትኩ።

ልክ ያኔ ንጉሤ እናቱን ሊጠይቅ ከሄደበት ከአንኮበር እያለከለከ ደረሰ። በመንገድ ሰምቶ ጥሩምባውን ይዞ ነው የመጣው። ጥሩምባውን ነፋና «ወገኖቼ» አለ በዚያ ድምፁ፣ «አቶ ተፈራ አልሞቱም። በሕይወት አሉ። የሰማህ ላልሰማ አሰማ።»

እልልታው ሰፈሩን አናጋው። እኔ እዚያው ፊታቸው ቆሜ ስስል ያላመኑት ሁሉ አሁን አመኑ። ወጣቶቹ ንጉሤን በትከሻቸው አንሥተው ይዘምሩ ጀመር። ጽጌ ክንዴን እንደያዘች ቀና ብላ አየችው። «ድምፁ ግን» አለች፣ ቀሪውን ዋጠችው። ዕድሜ ይስጣት።

እኔስ አትሉም? ሞቼ የተነሣሁት እኔ ነኝ፣ የሚሸከመኝ አጣሁ። ድንኳኑ ሳይመሽ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት መመለስ ነበረበት። የእድሩ ዳኛ ዙሪያውን ሰው ቢፈልጉ ሁሉም ንጉሤን ተከትሎ ሄዷል። ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ከእግር እስከ ራሴ።

«ተፈራ፣ አንተ ቁመት አለህ» አሉኝ። «ገመዱ እስኪፈታ ምሰሶውን ያዝልንና ዝም ብለህ ቁም።»

ቆምኩ።