ኢንጂነር ተክሌና የማይነሣው ኮምፒውተር

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውኃ ሳይገባ፣ የደረጃው አምፖል ሳይሰቀል፣ ጎረቤትና ጎረቤት ስም ሳይጠያየቅ ቀድሞ የሚገባ አንድ ሰው አለ። የብሎኩ ኢንጂነር ነው። የሚሾመው የለም፣ የሚሽረውም የለም። ኪሱ ካቻቢቴ አያጣም፣ አፉም «ቀላል ነው» የምትለዋን ቃል አያጣም። የተበላሸ ነገር በሽታውን ለእሱ ሳያሳይ እንዴት እንደሚያድር አይገባውም።

መሪ ሰፈር ሶሬቲ ከአባቷ ጋር ለምትኖርበት ብሎክ የደረሱት ክቡር ኢንጂነር ተክሌ ነበሩ። ጡረታ የወጡት ከመዝገብ ቤት ነው። የምህንድስናውን ማዕረግ ያገኙት ግን አንድ ክረምት ኮምፒውተር ተምረው ሰርተፍኬታቸውን በመስታወት አሠርተው ሳሎን የሰቀሉ ዕለት ነው። የወይዘሮ የማርያምወርቅን ቴሌቪዥን ጠገኑ፤ ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥኑ ያወራል እንጂ ምስል አያሳይም። የመዘምራኑ መሪ የከበበ ኮምፒውተር አዘገመ ሲባሉ ፎርማት አደረጉት፤ የኳየሩ መዝሙር ሁሉ ድራሹ ጠፋ። ከበበ አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ ትከሻውን መታ መታ አድርገው አሁን እኮ እንደ አዲስ ይፈጥናል ብለው አጽናኑት። ገጣጥመው ሲጨርሱ ብሎን ከተረፈ ፋብሪካው አብዝቶ ነው። ቢሆንም የጠራቸውን ሰው እምቢ ብለው አያውቁም፤ ምሳቸውን አቋርጠው የሚመጡ ሰው ናቸው። ስለዚህ ሁሉም ያማቸዋል፣ ሁሉም ይጠራቸዋል።

በዚያ ክረምት ዝናቡ አላባራ፣ መብራቱም ሄድ መለስ ማለቱን አልተው አለ። አንድ እሁድ ሶሬቲ ከቸርች ተመልሳ ኮምፒውተሩን ብታበራ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተደቅኖ ቀረ። ዲስኩን ማንበብ አልቻልኩም፣ አንዱን ቁልፍ ተጫኑ ይላል። ተጫነች። ያንኑ መልሶ ነገራት። ከሳጥኑ ውስጥም ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር።

ዲስኩ ውስጥ የነበሩት የአባቷ ፎቶዎች ናቸው። አቶ ጉተማ ገበሬ ነበሩ፤ ዛሬ ብሎክ የተደረደረበት ሜዳ ላይ ጤፍ ይዘሩ ነበር። ቦታው ለግንባታ ሊወሰድ ሲል ሶሬቲ ካሜራ ተውሳ ቤቱን፣ አውድማውን፣ ግራሩን፣ ሁለቱን በሬዎች፣ አባቷን ደግሞ ደጃፋቸው ላይ አቁማ አነሣች። ከዚያ ኑሮ የተረፈው ይኸው ነበር። በየእሁዱ አባቷ «እስቲ ክፈችልኝ» ይሏታል፤ እሷም ልብስ ለማጠብ እየቸኮለች አንዱን በአንዱ ላይ ታሳልፋለች። እሳቸው ዝም ብለው ያያሉ። ወደ ፍላሽ እገለብጣቸዋለሁ ስትል ነገ ነገን እየወለደ ዓመታት አለፉ።

ኢንጂነር ተክሌ ተጠሩ፤ ከነካቻቢቴያቸው መጡ። «ቀላል ነው» ብለው ጆሯቸውን ሳጥኑ ላይ ለጥፈው ድምፁን አዳመጡ። ሶሬቲ ፎርማት የሚባል ነገር እንዳያስቡ አስጠነቀቀች፤ ማን ፎርማት አለ ብለው ተቀየሙ። ገመድ ቀየሩ፣ አቧራውን በአፋቸው እፍ አሉ፣ አልሆን ሲል ዲስኩን ፈተው በፌስታል ጠቀለሉና ፍሪዘር ውስጥ ከሥጋው ጎን አስተኙት። ቅዝቃዜ ትንፋሽ ይመልስለታል አሉ። አልመለሰለትም።

ከዚያ በኋላ መመላለስ ሆነ። ኢንጂነሩ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ለመሳለም ከሚወጡበት ቀን በቀር አንድም ቀን አልቀሩም። ሶሬቲ ከቢሮ ስትገባ ሁለቱን ሽማግሌዎች ጥቁሩ ስክሪን ፊት ወንበር ደርድረው ታገኛቸዋለች። አባቷ ያወራሉ፤ ኢንጂነሩ ካቻቢቴያቸውን እያገላበጡ ያዳምጣሉ። ምን እየሠሩ እንደሆነ ብትጠይቃቸው ኢንጂነሩ ፎቶዎቹ ምን እንደሚመስሉ ጠንቅቀው ካላወቁ ዲስኩ ውስጥ ሲያገኟቸው ሊለዩዋቸው እንደማይችሉ አስረዷት። እንዲህ ያለ ምህንድስና ሰምታ አታውቅም። ወጥ ቤት ሆና ስትሰማ የትኛው በሬ ሰነፍ እንደነበር፣ ግራሩን ማን እንደተከለው፣ ጎተራው በየት በኩል ይቆም እንደነበር ይወራል። ሻይ ይጠጣል። ኮምፒውተሩ ግን እንደ ሞተ ነው።

አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀ። ኢንጂነሩ ሲወጡ ተከትላ ደረጃው ላይ ደረሰችባቸው።

«ጋሽ ተክሌ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይድናል?»

ኢንጂነሩ የደረጃውን ብረት ያዙ። «አይድንም ልጄ። የመጀመሪያው ቀን ድምፁን ስሰማው ነው የጠረጠርኩት። ፍሪዘሩም አልሆን ሲል ከእኔ የተሻለ ሰው ዘንድ ወስጄ አሳየሁት። ቁርጡን ነገረኝ።»

ከእኔ የተሻለ ሰው የሚለው ቃል ከዚያ አፍ ሲወጣ የሰማ የብሎኩ ነዋሪ የለም። ሶሬቲን ግን ያንገበገባት ሌላው ነበር።

«ታዲያ አባዬን ለምን ያታልሉታል? በየቀኑ ተስፋ እያደረገ!»

«ማን አታለላቸው? የዚያኑ ዕለት ነግሬያቸዋለሁ። ‹ለልጄ እንዳትነግራት፣ በእኔ ጥፋት ነው ብላ ታዝናለች። ዝም ብለህ እየመጣህ ነካካው› ያሉኝ እሳቸው ናቸው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መጀመሪያ በይሉኝታ ነበር የምመጣው። አሁን ግን ሲያወሩ ካልሰማሁ እንቅልፍም አይወስደኝ።»

ሶሬቲ ኢንጂነሩ ወርደው ከጨረሱ በኋላም እዚያው ቆመች። እነዚያን እሁዶች ሁሉ አሰበች፤ አባቷ ዝም ያሉት የሚሉት አጥተው እንዳልነበረ ገባት፤ አፈረች።

ስትመለስ አባቷ ከወንበራቸው አልተነሡም። ኢንጂነሩ ምን እንዳሏት ጠየቋት። ገና ይሞክራሉ አለች፤ እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። አጠገባቸው ባለው ወንበር ተቀመጠች።

«የቱ ፎቶ ላይ ነበራችሁ አባዬ?»

«እናትሽ ከገበያ ስትመለስ ያለው ላይ። ዝናብ መቷታል። አዲሱን ጫማዋን ጭቃ እንዳይነካው በእጇ ይዛዋለች።»

ፎቶዎቹን ያነሣችው ራሷ ሶሬቲ ናት። ካሜራው የመጣው እናቷ ካረፈች ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

«እሱን እንኳ አላስታውሰውም» አለች።

«የት ታስታውሺዋለሽ፣ ገና አልተወለድሽም ነበር» አሉና ጣታቸውን ጥቁሩ ስክሪን ላይ አሳረፉ። «ይኸውልሽ፣ በዚህ በኩል ነው የምትመጣው።»

ሶሬቲ ለማየት ወንበሯን አስጠጋች።