የተራረፈ ኪኒን

እኛ መቱ፣ በሰፈራችን፣ የታዘዘ መድኃኒትን እስከ መጨረሻው መዋጥ እንደ ስስት ይቆጠራል። ሳሉ የለቀቀው፣ ቁስሉ የደረቀለት ሰው የቀረውን ፍሬ ምን ብሎ ይውጠዋል? ጎረቤት የለውም? ሐኪም አስር ቀን ያለውን በአራተኛው ቀን ያቆምና ሌላውን ለባሰበት ያስቀምጣል። የባሰበት ደግሞ ነገ ራሱ ሊሆን ይችላል።

የሰፈሩ ትራፊ የሚጠራቀመው እኔ ቤት፣ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። የመድኃኒቱን ስም አንጠይቅም፤ በቀለም እንግባባለን። ቀይና ቢጫው ለሆድ፣ ቀይና ጥቁሩ ለጉሮሮ፣ ነጩ ለቀረው ሁሉ። አጥር የምንጋራቸው እትዬ አስካለ «እስቲ ከጥቁሩ ሁለት ፍሬ» ብለው ይወስዳሉ፤ የራሳቸውን ትራፊ ደግሞ በፌስታል ቋጥረው ያመጣሉ። በዚህ የተነሳ ቸር እባል ነበር። አልዋሻችሁም፣ ደስ ይለኝ ነበር።

እናላችሁ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ሁሩሙ ያለችኝን የቡና ማሳ ስመነጥር ገጀራው ቁጥቋጦውን ስቶ ቅልጥሜን አገኘው። ቆርቆሮው እያለ ማን ሐኪም ቤት ይሄዳል? ሦስት ቀን ቀይና ቢጫውን ዋጥኩ፤ ሻል ሲለኝ ተውኩት። ሲያመረቅዝ ወደ ጥቁሩ ዞርኩ፤ ሻል አለኝ፣ ተውኩት። ከዚያ ነጩ ተረኛ ሆነ። በወሩ እግሬ አብጦ ሱሪ አልገባ አለኝ፤ ሽታው ለራሴም አስቸገረኝ። እትዬ አስካለ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው «ያ ዋቃ! አምላኬ! ይሄስ ከቆርቆሮው በላይ ነው» አሉና ባጃጅ ጠሩልኝ።

ሐኪሟ ልጄ የምትሆን ወጣት ናት። አስተኝታኝ ከቁስሉ ናሙና አስወሰደች። ውጤቱ ሲመጣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ሐኪም ሲቀመጥ ደግሞ ደግ ወሬ አይደለም።

«አባባ፣ ተህዋሲው የዋጧቸውን መድኃኒቶች ተላምዷል። አጥንት ውስጥ ከዘለቀ እግርዎን እስከ መቁረጥ ልንደርስ እንችላለን።»

ፈራሁ። እንደ ሕፃን ፈራሁ። በአንድ እግሩ ቡና የሚመነጥር ሰው አይቼ አላውቅም።

«አዲስ መድኃኒት አልወጣም?» አልኳት።

«አዲሱን ብንጠብቅ እግርዎ አይጠብቀንም። ሁለት የቆዩ መድኃኒቶች አንድ ላይ እንሰጥዎታለን። አንዱ የተህዋሲውን መከላከያ ያፈርሳል፣ ሌላው በፈረሰው በኩል ገብቶ ይገድለዋል። ለየብቻ አይችሉትም።»

«እኔም እኮ ሦስት ዓይነት ወስጄ ነበር!»

«ተራ በተራ፣ ያውም ግማሽ ግማሹን። እሱ ማከም ሳይሆን ማሠልጠን ነው። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሠራ የነገረን ምርመራው ነው፤ ቆርቆሮዎ አይደለም። ደግሞ አንዲት ፍሬ እንዳትተርፍ!»

አንድ ወር ሙሉ በቆርቆሮ ያሠለጠንኩትን ጠላት ሁለት ሽማግሌ መድኃኒቶች ተባብረው ጣሉት። እብጠቱ ጎደለ፣ ቁስሉ ደረቀ። የቀረውን ኪኒን ቤቴ እንድጨርስ ሰጥተው አሰናበቱኝ። ቆርቆሮውንም ከነያዘው ለሐኪም ቤቱ አስረከብኩ።

በመጨረሻው ቀን የቀሩትን ሁለት ፍሬዎች መዳፌ ላይ እንደያዝኩ እትዬ አስካለ ገቡ።

«እንኳን ማረህ ልጄ! ዳንክ አይደል? በል እቺን ለጉሮሮዬ...» እጃቸውን ዘረጉ።

ምን ልበላችሁ፣ እጄ ወደ እሳቸው ሊሄድ ቃጥቶት ነበር። ቶሎ ብዬ ሁለቱንም ጎረስኩና ውሃ ጠጣሁባቸው። «ጉሮሮዎን ሐኪሟ ትይልዎት፣ እኔው አደርስዎታለሁ» አልኩ።

እትዬ አስካለ አፌን አፌን ያዩኝ ጀመር።

«ሕመም ሰውን እንዲህ ያደርጋል?» አሉ ከልባቸው አዝነው። «ድሮ እኮ ስስታም አልነበርክም!»

በሁለት እግሬ ቆሜ እስከ በሩ ሸኘኋቸው።